ዋና አለ

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እኅቴ ልጇን ለክረምት መዋያ ባስመዘገበች ማግስት፣ ሁለታችን ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር በታክሲ እየተመለስን ነው። ከፊታችን አንዲት ወጣት እናት አጠገቧ ለተቀመጡ አሮጊት ታወራለች።

«ለልጄ ክረምቱን የምትውልበት አገኘሁላት። ሥዕል አለ፣ ንባብ አለ፣ ዋና አለ።»

«ዋናማ ይኑር እንጂ። ያለ ዋና ልጅ ማን ይጠብቃል? ዋናው ሰው ጨዋ ነው?»

«የምን ሰው፣ እማማ? የውሃ ዋና ነው የምልዎት።»

«በሐምሌ? በዚህ የጉና ብርድ?»

«ውሃውን ያሞቁታል አሉ።»

«ይሁን። ሲዋኙ አጠገባቸው የሚቆመው ማን ነው?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩም።»

«አየሽ ልጄ፣ ዋናውን ሳትጠይቂ ነው የመጣሽ።»

ታክሲው ሁሉ ሳቀ፤ እኅቴ ግን መናኸሪያ ስንወርድ ወደ ቤት አልመጣችም፣ ልጇን ወዳስመዘገበችበት በእግሯ ሄደች።