የጡረተኛው ፖስተኛ አምስት ኮከብ

የቃጠሎ ቅባት ይዤ ደረጃውን ስወጣ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጎንበስ ብለው የሙዝ ልጣጭ ሲያነሱ አገኘኋቸው። ይህ የየማለዳ ሥራቸው ነው። በሕንፃችን ልጣጭ የሚጥል ሞልቷል፤ የሚያነሳ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም መድኃኒት ቤት ውስጥ ሰውን ስለ ንጽሕና ስመክር እውልና ወደ ቤቴ ስመለስ ልጣጩን ተሻግሬ እገባለሁ። የተማርኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

«ቅባቱ ለልብስ ሰፊዋ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶቿ መታጠፋቸውን እንጃ ብሏል።»

ልጣጩን እንደያዙ ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ የሟች ባለቤታቸው የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ቀኝ እጇ ደግሞ መተዳደሪያዋ ነው። ባለፈው ሳምንት የጋዝ ምድጃዋን አሠርታ በማግስቱ ክብሪት ስትጭር፣ ከጎማው ሾልኮ የተጠራቀመው ጋዝ ተቀጣጥሎ አቃጠላት።

በሩ ተከፈተና ሴት ልጇ ወጣች። የነርስነት ተማሪ ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። ቅባቱን ተቀብላ አመሰገነችኝና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ምድጃ ጠጋኝ ለእርስዎም ሠርቷል አይደል?»

«ሠርቷል ልጄ።»

«እናቴ ጠጋኝ በሚጠራበት አፕ ላይ ስምዎን አይታ ነው የጠራችው። ‹ጋሼ ካመሰገኑት ሌላ ምን እፈልጋለሁ› ብላ።» ስልኳን አውጥታ አነበበችላቸው፦ «አምስት ኮከብ። ‹ጨዋ ልጅ፣ እጁ የተባረከ። ሁላችሁም ጥሩት።›»

ፖስተኛው ግድግዳውን ተደገፉ።

«በሬ ላይ ቆሞ ነው የጠየቀኝ። ‹ጋሼ፣ ከአምስት ካነሰ ሥራ አይሰጡኝም፤ ሚስቴ አራስ ናት› አለኝ። ፊቱን እያየሁ ሦስት ልስጠው? እኔ በዕድሜዬ የሰው እንጀራ ዘግቼ አላውቅም።»

«ደግነትዎን አልነቀፍኩም። ምድጃው ግን በደንብ ተሠርቶልዎት ነበር?»

አዎ ብለው ቢመልሱ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እኔም ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን መዋሸት አይችሉበትም።

«የዚያኑ ዕለት ጋዙ ሸተተኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሲሊንደሩን ዘጋሁና ደወልኩለት፤ አላነሳም። በማግስቱ አዲስ ጎማ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት።»

ልጅቷ ክው አለች። «የጻፉትንስ?»

«ረሳሁት ብልሽ ውሸት ነው። አፈርኩ። ካመሰገንኩት በኋላ ተመልሼ መውቀስ ነውር መሰለኝ።»

ትጮኽባቸዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ብትጮኽም እውነቷን ነው። እሷ ግን እጃቸውን አየች።

«የያዙት ምንድን ነው ጋሼ?»

«ልጣጭ ነው።»

«ለምን ያነሱታል?»

«ሰው ያዳልጠዋላ! እናትሽ ጨርቅ ተሸክማ የምትወርደው በዚህ አይደል እንዴ?»

«እኮ! አፑም እንደዚህ ደረጃ ነው። እርስዎን አዳልጦዎት ነበር፤ ተነሥተው ልጣጩን እዚያው ትተውት ሄዱ። ከኋላዎ የመጣችው እናቴ ናት።»

ሽማግሌው በእጃቸው ያለውን ልጣጭ አዩ። ከልቤ አዘንኩላቸው፤ የሷ እናት ግን ከበሩ ማዶ ተኝታለች።

«አራሷስ?» አሉ። «የሷ እንጀራስ ልጄ?»

«ያኔ ሦስት ሰጥተው ‹ጎማውን አይፈትሽም› ብለው ቢጽፉ፣ አሠሪዎቹ ተቆጥተውት ይማር ነበር። አምስት እያየ ማን ጥፋቱን ይንገረው? ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን እየሰጠ ነው። ለአራሷ የቱ ይሻላት ነበር?»

እኔም ዝም ብዬ መስማት አቃተኝ። «ጋሼ፣ እኔም ከእርስዎ አልሻልም» አልኩ። «ባለፈው ወር ዕቃ አድራሹ በዝናብ ምክንያት ቢዘገይ ተናድጄ አንድ ኮከብ ሰጠሁት። ስለ ዕቃው አንዲት ቃል አልጻፍኩም። የእርስዎ ይሉኝታ ነው፣ የኔ ንዴት ነው፤ የሚያነበው ሰው ግን ከሁለታችንም የሚጠቅመውን አያገኝም።»

ፖስተኛው ልጣጩን መጣያው ውስጥ ከተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ ጻፉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሌላውን ሰው ደብዳቤ ሲያደርሱ ኖረው፣ ይህችን አጭር ጽሑፍ ለመጨረስ ግንባራቸውን አላባቸው። ከዚያም አነበቡልን፦

«አንድ ኮከብ። ልጁ ጨዋ ነው። የጋዙን ጎማ ግን ሳይፈትሽ ሄደ፤ ስደውልም አላነሳም። በፊት አምስት የሰጠሁት በይሉኝታ ነው። እኔን ያመነች ጎረቤቴ ተቃጥላለች። ምድጃ ያሠራችሁ ሁሉ ጎማችሁ ላይ የሳሙና ውኃ ቀቡ፤ አረፋ ካወጣ ሲሊንደሩን ዝጉ።»

ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባን። የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል፤ ከመርፌው ሥር እጅጌው ያላለቀ የተማሪ ሸሚዝ ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ሰጥታን ተኝታለች። ሽማግሌው ከአልጋው አጠገብ ቆመው ሁሉንም ነገሯት፤ ሽታውንም፣ ማፈራቸውንም። አልዞረችም።

«አሁን ቢጽፉት ለኔ ምን ይሠራልኛል?» አለች ወደ ግድግዳው።

ልጅቷ የእጇን ፋሻ ልትቀይርላት ተቀመጠች። ፋሻው ተፈትቶ ሳያልቅ የፖስተኛው ስልክ ጮኸ። ከጽሑፋቸው ሥር አንዲት የማናውቃት ሴት መልስ ጽፋለች፤ ልጅቷ ተቀብላ አነበበችው፦

«እኔም ባለፈው ሳምንት በዚሁ ልጅ አሠርቼ ነበር። የሚሸተው መንገድ ላይ የተጣለው ቆሻሻ መስሎኝ መስኮቱን ዘግቼ ነበር። አሁን ሳሙና ብቀባው አረፋ አወጣ። ዘግቼዋለሁ፤ ልጆቼንም ይዤ ወጥቻለሁ። ያመንኩት ልብስ ሰፊ ነኝ ያለች አንዲት ሴት የሰጠችውን አምስት ኮከብ አይቼ ነው። እርስዎን ግን እግዜር ይስጥልኝ።»

ልጅቷ ስልኩን ለሽማግሌው መለሰች። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ዞረች።

«ስንት ልጆች አሏት?»

«አልጻፈችም እማ።»

በግራ እጇ ትራሷን ዳበሰችና ስልኳን አውጥታ ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። «ጠጋኙ እኔንም በር ላይ ቆሞ ለመነኝ ጋሼ» አለች። «ገና ምድጃውን ሳልለኩስ ነው አምስት የሰጠሁት። የእኔንም ያርሙልኝ፤ እጄ አይጽፍም።»

ፖስተኛው መነጽራቸውን ጠረጉና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንቺ ንገሪኝ» አሉ፤ «እኔ እጽፋለሁ።»