ሐጂ ሰይድ የመቱኝ ቀን

ክረምት ሲገባ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዬን ከቆጋ ግድብ አወጣና ባትሪውን መራዊ ቤቴ አስቀምጣለሁ። ሥራ ፈትቶ ሲከርም እንዳይሞትብኝ በየወሩ ቻርጅ አደርገዋለሁ። አንድ ጧት ባትሪው ሞልቶ ውስጡ ሲፈላ ሰማሁና፣ እንደ ልማዴ የቻርጀሩን ገመድ ከባትሪው ላይ ልነቅል እጄን ስሰድ፣ ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ከኋላዬ ደርሰው እጄን በከዘራቸው መቱኝ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሕፃን እንኳ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። ደንግጬ ክው አልሁ።

«ሐጂ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኋቸው።

ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም፤ ፀሐይ የማይስማማቸው ይመስለኝ ነበር። የግራ ዓይናቸው የለም። በቦታው ያለው የተጨማደደ ቆዳ ብቻ ነው።

«እኔም መብራቱን ሳላቋርጥ ነበር ገመዱን የነቀልሁት» አሉኝ ዝግ ብለው። «ብልጭ ሲል ከባትሪው የወጣው ጋዝ ፈነዳ፤ አሲዱ ፊቴ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ከግድግዳው ነው የሚነቀለው፣ ልጄ።»

ሶኬቱን የነቀሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ገመዱን ከባትሪው ላይ የነቀልሁት ከዚያ በኋላ ነው።