ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት

በአንዲት የጎጃም ከተማ፤ እማማ ደብሪቱ ገጀራ ጨብጠው ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ወይራ ተደግፈዋል፤ የከተማው ደንብ አስከባሪ ምንተስኖት የሚደማ ጣቱን በመሐረብ ጠምጥሞ ፊታቸው ቆሟል፤ መጋዝ ይዘው የመጡት ሠራተኞች ወደ ውጭ ሸሽተዋል።

ምንተስኖት፦ ቆረጡኝ እኮ! እማማ ደብሪቱ፣ በሰው ላይ ገጀራ ይነሳል?

ደብሪቱ፦ በሰው ዛፍ ላይስ መጋዝ ይነሳል? ደግሞ ተላጠ እንጂ መች ተቆረጠ። ብፈልግማ ጣትህን ከመሬት ትለቅም ነበር።

ምንተስኖት፦ ፖሊስ ብጠራ ይታሰራሉ።

ደብሪቱ፦ ጥራ! ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዕድሜ ልክ ቢፈርዱብኝም አጭር ነው። ይልቅ ልጆቼ ከወፍጮ ቤት ሳይመለሱ ሹልክ በል።

ምንተስኖት፦ ይምጡ እንጂ! ከነሱ ጋር እነጋገራለሁ።

ደብሪቱ፦ ከነሱ ጋር ያለህ ነገር ረጅም ወሬ የለውም።

ምንተስኖት፦ ደብዳቤው ደርሶዎታል። ደንቡ ተሻሽሏል። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት በግቢው ውስጥ ለመኪና ማቆሚያ ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት ይተዋል፤ ከፊት ያለው ቀሪ ቦታ ሣርና አበባ ይተከልበታል። እርስዎ ጋ ማቆሚያው የሚወጣው ወይራው ካለበት ብቻ ነው።

ደብሪቱ፦ መኪና የለኝ!

ምንተስኖት፦ ለወደፊት ታስቦ ነው።

ደብሪቱ፦ የኔ ወደፊት ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው። እዚያ ደግሞ በሰው ትከሻ ነው የሚኬድ።

ምንተስኖት፦ በምትኩ አምስት ችግኝ በነፃ እንሰጥዎታለን።

ደብሪቱ፦ ላሜን አርደህ ጥጃ ልታስረክበኝ! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ምንተስኖት፦ የምን ገደል? አንድ እንጨት ነው!

ደብሪቱ፦ እንጨት? ከሥሩ መጥረቢያ ተቀብሯል። የበኩር ልጄን የፈለጠው መጥረቢያ።

ምንተስኖት፦ የፈለጠው?

ደብሪቱ፦ በአንድ ክንድ ድንበር! ልክ እንዳንተ ሲለኩ፣ «ከዚህ ወዲህ የኔ ነው» ሲባባሉ፣ ጎረቤታችን ራሱን አለው። ሁለቴ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩት፤ ደሙ አልያዝ አለኝ። በጣቶቼ መሐል እየሾለከ እዚህ ፈሰሰ፣ አንተ ከቆምክበት።

ምንተስኖት፦ ይቅርታ… አላወቅሁም።

ደብሪቱ፦ እግርህን አታንሳ፤ ሠላሳ ሁለት ክረምት አጥቦታል።

ምንተስኖት፦ ገዳዩስ?

ደብሪቱ፦ ሁለቱ ልጆቼ ክብሪትና ጭድ ይዘው ቤቱን ከበቡት። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ያን ሆድ አይቼ በሩ ላይ የተጋደምኩ እኔ ነኝ፤ የሟች እናት! በኋላ ሽማግሌ ገባ። መጥረቢያው ተቀበረ፣ ወይራው ተተከለበት፣ ልጆቼም ማሉ፤ «ይህ ወይራ እስከቆመ ደም አንፈልግም» ብለው። ሰውዬው ሚስቱን ይዞ አገር ለቀቀ።

ምንተስኖት፦ ይኸን ያህል ዘመን አልፎት… ልጆችዎ ረስተውት ይሆናል።

ደብሪቱ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ታናሹ ዛሬም ክረምት በወጣ ቁጥር ግንዱን ይዳስሳል። «እማዬ፣ አሁንም አልደረቀም?» ይለኛል።

ምንተስኖት፦ ታዲያ ይህን ቢሮ መጥተው ለምን አልተናገሩም?

ደብሪቱ፦ ደብዳቤህን ጎረቤቴ ስታነብልኝ፣ ከታች የፈረምከውን ስም ሦስቴ አስደገምኳት። ከዚያ ወዲያ ቢሮ መምጣቱን ትቼ ገጀራዬን ሳልኩ። አንተ የየት ሰው ነህ?

ምንተስኖት፦ ያደግሁት ጅማ ነው። አባቴ ግን የዚህ ከተማ ተወላጅ ነው። አንድም ቀን ይዞኝ አልመጣም እንጂ።

ደብሪቱ፦ ለምን አትለውም?

ምንተስኖት፦ ስጠይቀው እጆቹን ያያል።

ደብሪቱ፦ እጆቹን ማየቱስ ደግ ነው። እኔ ጣትህን ያደማሁት አንገትህን ላተርፍ ነው፤ አሁንም አልገባህም?

ምንተስኖት፦ ቆይ… ቆይ እማማ። የገዳዩ ስም ማን ነው?

ደብሪቱ፦ ስሙን በዚህ ግቢ ላልጠራ ምያለሁ። ፊደልም አልቆጠርኩ። የተማርከው አንተ ነህ፤ ደረትህ ላይ ያንጠለጠልከውን ባጅ ቀና አርግና ከስምህ ቀጥሎ ያለውን አንብብ። በልብህ አንብበው! ልጆቼ በሩን እየከፈቱ ነው።