ፓምፑ ለእሷ ብቻ የሚነግራት

(በአንዲት የቆላ ከተማ የውሃ ጣቢያ፣ ከቆመ ፓምፕ አጠገብ። ምንትዋብ ፓምፑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ድራይቨር ከሟች ባለቤቷ ከውብሸት ጋር የጻፈች መሐንዲስ ናት፤ ዳምጠው ፓምፑን በሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚከታተል ተቆጣጣሪ ነው።)

ዳምጠው፦ ጠዋት እንደ ወትሮዬ መጣሁ፣ ፓምፑን አስነሳሁ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ቆሟል። የእኔ ፕሮግራም «ችግር አለ» ብሎኝ ዝም። ይሄንንማ እኔም አየሁት!

ምንትዋብ፦ ሞቆ ነው። ድራይቨሩ ነግሮኛል።

ዳምጠው፦ እትዬ፣ ለእርስዎ የሚነግርዎትን ለእኔም ፕሮግራም ይንገረው ነው የምለው። እርስዎ እስኪደርሱ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። አንድ ቀን ፓምፑ ይቃጠልና አርፈን እንቀመጣለን።

ምንትዋብ፦ ያ እኮ ስህተት ለመፈለጊያ ብለን የጻፍነው ነው፤ የጓዳ ወሬ። ፕሮግራምህ እሱን ማንበብ ከለመደ፣ ነገ አንዲት ቃል ብቀይር ይበላሽብሃል።

ዳምጠው፦ ቀይረው ያውቃሉ?

ምንትዋብ፦ ውብሸት ካረፈ ወዲህ? አላውቅም።

ዳምጠው፦ ታዲያ ምን ያስፈራዎታል?

ምንትዋብ፦ ይኸው ስክሪኑ። ራስህ አንብበው።

ዳምጠው፦ «እመቤቴ፣ ሞቆኛል። እንዳንቺ ሳልጮህ በጨዋነት ቆሜያለሁ።» ... ፓምፑ ነው እንዲህ የሚለው?

ምንትዋብ፦ ውብሸት ነው። ስንኳረፍ በአፍ አንነጋገርም ነበር፤ እዚህ ውስጥ ጽፎልኝ ይሄድ ነበር።

ዳምጠው፦ «ግፊት ቀንሷል። አንቺም ምሳ አልበላሽም መሰለኝ።» አይ ጋሽ ውብሸት!

ምንትዋብ፦ እኔ ደግሞ እንዳይነካብኝ ብዬ ለባሌ ቀልድ የምህንድስና ደንብ አወጣሁለት። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው። ፓምፑ ሲሞቅ እንኳ መጀመሪያ አልደነግጥም፤ አነበዋለሁ። ምን ዓይነት መሐንዲስ እንደሆንኩ አየህ?

ዳምጠው፦ እንዳለ ለፕሮግራሜ ይክፈቱት። አልስቅም።

ምንትዋብ፦ አንተማ ትስቃለህ። ፕሮግራምህ ነው ቀልድ የማይገባው፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። የውብሸትን ቃል አውጥቼ ቁጥር መተካት አለብኝ።

ዳምጠው፦ ቅጂውን ያስቀሩት እንግዲህ።

ምንትዋብ፦ ቅጂ አለኝ። ቅጂ ግን ሲሞቀው አይናገርም።

ዳምጠው፦ ... ነገ ይሁን፣ እትዬ። ሰዉ ዛሬን እንደምንም ይችላል።

ምንትዋብ፦ አይችልም። ያን ወንበር አቀብለኝ።

ዳምጠው፦ ይኸው።

ምንትዋብ፦ ... ጨረስኩ። ቀዝቅዟል፣ አስነሳው። ፕሮግራምህ ምን ይላል?

ዳምጠው፦ «ሙቀት አርባ ሁለት። ግፊት አራት።» አነበበው! እትዬ፣ አነበበው እኮ!

ምንትዋብ፦ ጥሩ። ሙቀቱም ግፊቱም አለ። ውብሸት የለበትም።