መርፌ የማይወጋው ድሬሰር

በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ «የክሊኒካችን አዲሱ ድሬሰር አያክምም የሚል ስሞታ በዝቷል። ሠራተኞቹን ጠይቅና ጽፈህ አምጣልኝ፤ እውነት ከሆነ አሰናብተዋለሁ» አለኝ። ወረቀቴን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ፈትል ክፍል የሚሠሩት እትዬ አስካለ ዘንድ ነበር።

«ሕክምናው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«የምን ሕክምና! ሳሉ ከጀመረሽ ስንት ቀን ሆነሽ፣ የት ትተኛለሽ፣ ቤትሽ መስኮት አለው ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። ፖሊስ ነው እንዴ? ደረቴን አዳመጠና አፍሽን በሻሽ ሸፍነሽ ሥሪ ብሎ ሰደደኝ። የፊተኛው እኮ ገና በር ላይ ሲያየን ነበር መርፌውን የሚያዘጋጀው!»

«ታዲያ ሳሉ እንዴት ሆነ?»

«እሱማ ተወኝ።»

«እንግዲያው አድኖዎታል ማለት ነው።»

«በምኑ? ሳይወጋኝ!»

የጠየቅኳቸው ሁሉ እንደሳቸው አሉኝ። ወይ ያገሬ ሰው እያልኩ ስስቅ ዋልኩ። በማግስቱ ራሴንም ጉሮሮዬንም አመመኝና፣ ስሞታቸውን የጻፍኩበትን ወረቀት በብብቴ እንደያዝኩ ክሊኒኩ ገባሁ። ድሬሰሩ ጉሮሮዬን አየ፣ ትኩሳቴን ለካ፣ «ጉንፋን ነው፤ ትኩስ ነገር እየጠጣህ ሁለት ቀን ዕረፍ» አለኝ። አመስግኜው ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።

«መርፌውስ?» አልኩት።

ድሬሰሩ በብብቴ የያዝኩትን ወረቀት አየት አደረገና፣ «ያንተንም ጨምርበት» አለኝ።