ቀይዋን ዛፍ ያከመ ሰው

እንዴት ዋልሽ እቱዬ? ኧረ አትነሺ፣ እዚሁ በረንዳው በር አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ነፋስ አለው። ባልሽ የለም እንዴ?... አሃ፣ ውጭ ዛፎቹን ውሃ እያጠጣ ነው። ያጠጣ፣ ያጠጣ፣ አትጥሪው። እኛ የእህትማማች ወሬያችንን እናውራ።

አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው የመጣሁት። አታውቂውም... እንኳንም አላወቅሽው። ሚስቱ ግን እንዳንቺ የዋህ ናት። ታላቅ እህትም አለቻት፣ እንደኔው አፏን ከፍታ ሰው የማታማ።

ሰውየው የአትክልት ሊቅ ነው። እህትየው ቀይ የጃፓን ሜፕል ሰጠችው፣ ቅጠሏ በተፈጥሮዋ ቀይ የሆነች ዛፍ፣ ዝርግ ማሰሮ ውስጥ እንደ ትልቅ ዛፍ ጎበጥ ብላ የምትቆም፣ ቦንሳይ የሚሏት። አባቷ ካሳደጉት ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ ተራ አረንጓዴ ግንድ ላይ ሰክታ፣ አስራ፣ በገዛ እጇ ያዳቀለቻት ናት። «ከማሰሪያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ቶሎ ቶሎ ቀንጥብ፤ ያ ተራው ነው፣ ቀይዋን ይውጣታል» አለችው። ሰማ? መስማትማ ሰማ! ጆሮ ሞልቶታል።

ታዲያልሽ የታችኛው አረንጓዴ ፈላ። ያልዘሩት አይበቅልም ይባል ነበር... ለእሱ በቀለለት። ቀይዋ ከላይ ቀጨጨች። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጉሊ መነጽር አምጥቶ አያት፣ አያትና «ቀልታለች፣ በሽታ ነው» ብሎ ቆረጣት! ቁስሉን እንኳ መድኃኒት ቀብቶላታል። አቤት ርኅራኄ! ጉንጯ የቀላ ልጅ ይዘውለት ቢሄዱ ምኗን ይቆርጥላት ነበር?

አሁን ያንን ተራ ግንድ በሽቦ ጠምዝዞ፣ «እኔ ያስገኘሁት አዲስ ዝርያ» ብሎ በራሱ ስም ሰይሞታል አሉ። ነገ ኤግዚቢሽን ላይ ሊያቀርበው ነው። እኔ አልፈርድበትም። ተራውን ነገር በስሙ መጥራት ምን ነውር አለው? ከእንጨት መርጦ ለታቦት ይሉ የለ? እሱ ደግሞ ከእንጨት መርጦ ለራሱ!

... የውሃው ድምፅ ቆመ እንዴ? ረክተው ይሆናል ዛፎቹ።

እህትየው ግን አንጀቴን ትበላዋለች። የአባቷ ዛፍ ዘንድሮ በሙቀቱ ክው ብሎ ደረቀባት። ከአባቷ የቀራት ሌላ ማስታወሻ የላትም። «ግድ የለም፣ እሱ ዘንድ አንዷ አለች፤ ጣት የምታህል ቆርጬ መልሼ አዳቅላለሁ» ብላ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የማሰሪያ ክሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ትናንት ሚስቱ በሌለችበት ሮጣ ሄደች። እሱም በር ላይ ተቀብሎ አዲሱን ዝርያውን አሳያት። አለቀሰች እቱዬ... የደስታ መሰለው። «አይዞሽ፣ ላንቺም ከዚሁ ቆርጬ እሰጥሻለሁ» አላት። ቸር ነው እኮ!

ውይ፣ አንቺ ደግሞ ምን አንገትሽን አስደፋሽ? ስለማታውቂው ሰው ነው የማወራሽ! እኔ እንኳ አልጠላውም። እንዲያውም ስመርቀው ነው የማድረው። ድምፄን ከፍ ላድርገው፣ ምርቃት በሹክሹክታ አያምርም... ዕድሜ ከጤና ይስጠው፤ ነገም አንደኛ ያውጣው፤ ጠላቶቹንም ፈጣሪ አንድ ሳያስቀር ቀይ ዛፍ አድርጎ እሱ ግቢ ውስጥ ያብቅልለት! አሜን በይ እንጂ፣ እቱዬ።