ቧንቧው የሚዘጋው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው

ዲላ፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ጡረተኛው የወባ መከላከያ ሞተረኛ አቶ እንዳሻው ባልዲና ጨርቅ ይዞ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ በሩን በጀርባዋ ደግፋለች፤ ከኋላዋ በሸራ የተሸፈነው፣ ሁልጊዜ እንደሚባለው ሞተሩ ሳይሆን፣ ሁለት ባዶ በርሜልና አንድ መሰላል ነው።

እንዳሻው፦ አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! እኔ እንዳሻው ገመዳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የወባ መድኃኒት በሞተር ያመላለስኩ፣ በዛሬው ዕለት፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በሙሉ ፈቃዴና በሙሉ ጤንነቴ ሞተሬን አጥባለሁ።

አስካለ፦ ለዚህ ነው ነጋሪት ያስጎሰምከው? ሞተሩ ንጹሕ ነው።

እንዳሻው፦ ማን አጠበው?

አስካለ፦ ማንስ ያቆሽሸዋል? ከቆመ ስምንት ወሩ።

እንዳሻው፦ የዲላን አቧራ ሸራ አይመልሰውም። ዞር በይ ከበሩ።

አስካለ፦ ቁልፉ ጠፍቷል።

እንዳሻው፦ አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሏል።

አስካለ፦ በምን አወቅክ?

እንዳሻው፦ በምን ይባላል? አይቼው ነዋ!

አስካለ፦ ቀሚሴ ውስጥ ነው እኮ ያለው።

እንዳሻው፦ የሠላሳ ስድስት ዓመት ባልሽ ነኝ። ቀሚስሽ ምን ሊከለክለኝ?

አስካለ፦ አፍህስ አላረጀም። ደግሞ በዚህ ፀሐይ? ፀሐይ ላይ የታጠበ ቀለም ይሰነጠቃል ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም?

እንዳሻው፦ እሱስ እውነት ነው። ዛሬ ጠዋት በቀዳዳው አየሁት። ሰማያዊው እንደ አባያ ሐይቅ ያብለጨልጫል።

አስካለ፦ ዛሬ ጠዋት?

እንዳሻው፦ ዛሬ ጠዋት። ምነው፣ አያብለጨልጭም?

አስካለ፦ ያብለጨልጫል። እኔም… ሳየው ደነቀኝ።

እንዳሻው፦ እንግዲያው አሥር ሰዓት ይሁን፣ በረድ ሲል። እስከዚያ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ያዢ ባልዲውን።

አስካለ፦ ቀስ በል፣ ደረጃው—

እንዳሻው፦ ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስት ናት። ዓይን የለኝም እንዴ?

አስካለ፦ ማን የለህም አለህ?

እንዳሻው፦ ሰፈሩ ነዋ! ሰው ሁሉ ሰላም ሲለኝ ስሙን አብሮ መናገር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? «ጋሽ እንዳሻው፣ ደርቤ ነኝ፣ እንደምን ዋሉ?» ደርቤ መሆኑን ላየው አልችልም? ወይስ እሱ ራሱ እንዳይረሳው ነው?

አስካለ፦ ዘመኑ ነዋ፣ ሰው ራሱን ማስተዋወቅ ይወዳል።

እንዳሻው፦ ቄሱም «ቄስ ነኝ» አሉኝ።

አስካለ፦ ትሑት ስለሆኑ ነው።

እንዳሻው፦ ቆይ። ሰማሽው? ሞተሩን ሦስት ጊዜ አስጓርቶ አጠፋ። የዕድራችን ሊቀመንበር ነው። ቤቱ ሲደርስ ሦስቴ ካላስጮኸ ሚስቱ ወጥ የምታሞቅለት አይመስለውም። ጉልበቱን ሁሉ አስቀምጦ አስቀምጦ፣ ለማጥፊያ! ነጭ ሸሚዙን ግጥም አድርጓል ደግሞ።

አስካለ፦ ነጭ… አዎ፣ ነጭ ነው።

እንዳሻው፦ ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ ስላለው ነጭ ነው የሚለብሰው።

አስካለ፦ ነጭ ነው። ነጭ ሆኖ ትንሽ ወደ ቡኒ ይሄዳል።

እንዳሻው፦ አቧራ ነው።

አስካለ፦ አቧራ ነው።

እንዳሻው፦ ሰው እኮ ጠባዩ ሲነዳ አይታወቅም አስካለ፤ ሲነዳ ሁሉም ጀግና ነው። ሲያጠፋ ነው የሚታወቀው። ወንጌላዊውን ውሰጂ። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ያጠፋና እስከ ቤቱ በነፃ ይንከባለላል። ብጠይቀው «ጸጋ ነው» አለኝ። ደርቤ ደግሞ ማርሽ ውስጥ እያለ ፍሪሲዮኑን ለቆ እንደ ዶሮ ያንቀዋል። ነርሷ ብዙነሽ በቁልፍ አጥፍታ አትወርድም። ትንፋሹ እስኪቆም አጠገቡ ትቀመጣለች።

አስካለ፦ ሥራዋ ነው።

እንዳሻው፦ መምህር ጂግሶም ሞተር ገዛ አሉ።

አስካለ፦ ማን አለ?

እንዳሻው፦ ሰው። እሱን ግን እንዴት እንደሚያጠፋ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ቤቱ እኮ ከኛ በታች ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚህ ማለፍ ነበረበት።

አስካለ፦ በላይኛው መንገድ ነው የሚሄደው።

እንዳሻው፦ ላይኛው መንገድ ጭቃ ነው።

አስካለ፦ ጭቃ ይወዳል።

እንዳሻው፦ መምህር ጭቃ ይወዳል። እሺ። ዕቃ ቤቱስ ምነው ላምባ ላምባ ይሸታል?

አስካለ፦ ፋኖሱ ነው፣ ፈሶ ነው።

እንዳሻው፦ ስምንት ወር የሚፈስ ፋኖስ! ጉድጓድ ቢሆን ሞልቶ ነበር።

አስካለ፦ ወይ ዘንድሮ! አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል? ታጥቦስ? ታጥቦ ልትነዳው ነው?

እንዳሻው፦ ብነዳውስ?

አስካለ፦ የእማማ ደስታን የእንሰት አጥር ረሳኸው? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ…

እንዳሻው፦ አጥሩ ነው መንገድ ላይ የወጣብኝ።

አስካለ፦ አጥር እግር አለው?

እንዳሻው፦ ያን ቀን ነበረው።

አስካለ፦ ከነሞተርህ ከእንሰቱ ሥር ስትወጣ ሴትዮዋ ማዳበሪያ የመጣላቸው መስሏቸው ነበር። አርፈህ ግቢህ ውስጥ ተቀመጥ። የሚባለውን ታውቀው የለ? ዕው… ቢሸፍት እስከ ጓሮ።

እንዳሻው፦ ማን ቢሸፍት?

አስካለ፦ ድመት።

እንዳሻው፦ ድመት ከመቼ ወዲህ ነው የሸፈተችው?

አስካለ፦ እኔ እንጃ፣ እንደዚያ ነው የሚባለው።

እንዳሻው፦ ልጅ ሆኜ ስሰማው ድመት አልነበረችም።

አስካለ፦ ጥርን ጠብቅ ነው የምልህ። ጥር ላይ ሐኪሞቹ ለዘመቻ ይመጣሉ። የዓይንህን ሞራ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገፍፉልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ብትፈልግ ሞያሌ ድረስ ንዳው።

እንዳሻው፦ ሞራ ነው ብሎሽ ነው የሐዋሳው ሐኪም?

አስካለ፦ ሞራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

እንዳሻው፦ ሞራ ነው። ጥር ላይ ይገፈፋል።

አስካለ፦ ይገፈፋል።

እንዳሻው፦ አምና ጥርም አልፏል።

አስካለ፦ አምና ወረፋ በዝቶ ነው።

እንዳሻው፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

አስካለ፦ ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ሰዓትህን ላይልህ? ቀርቦብህ እንደሆን—

እንዳሻው፦ አታይልኝም! ራሴ አያለሁ። አዎ፣ ሩብ ጉዳይ ይላል።

አስካለ፦ እጅህን እንኳ አላነሳህም።

እንዳሻው፦ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ይልቅ ንገሪኝ፤ እኔስ እንዴት ነበር የማጠፋው?

አስካለ፦ አሁን ይህን መጠየቅ ምን ይሉታል?

እንዳሻው፦ ፈተና ነው። መልሺ።

አስካለ፦ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ የቤንዚኑን ቧንቧ ትዘጋለህ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረችዋን እየላሰ ይመጣል። የእማማ ደስታን አጥር ሲያልፍ ይርበዋል። ባሕር ዛፉ ጋ ይስላል፣ አንዴ፣ ሁለቴ። በራችን ላይ ይሞታል። ሳሉን ስሰማ ነበር ቆጮውን የማቀርበው። አንድ ቀን እንኳ ቆጮው ቀዝቅዞብህ አያውቅም።

እንዳሻው፦ ለምን እንደዚያ እንደማደርግስ?

አስካለ፦ ነዳጅ ልትቆጥብ ነዋ፣ ስስታም ስለነበርክ።

እንዳሻው፦ ቧንቧው ክፍት ካደረ ያንጠባጥባል ያ ሞተር፤ አንድ ቀን ቤት ያቃጥላል። ደግሞ እንዲያው ሳስበው፣ ድንገት ድርግም ከሚል፣ እየጠፋ መሆኑን እያወቀ ቤቱ ቢደርስ የሚሻል ይመስለኝ ነበር።

አስካለ፦ ይሻላል?

እንዳሻው፦ አይሻልም። ሲነገር ግን ያምራል።

አስካለ፦ ምን ነክቶሃል ዛሬ፣ በእመቤቴ?

እንዳሻው፦ ትናንት ዕቃ ቤት ገብተሽ ምን ስትሠሪ ነበር?

አስካለ፦ ሞተሩን ስወለውል። ላንተ ብዬ።

እንዳሻው፦ ሲወለወል ድም ድም ይል ነበር።

አስካለ፦ ታንከሩ ባዶ ስለሆነ ነው።

እንዳሻው፦ ትልቅ ታንከር። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ታንከር።

አስካለ፦ ጆሮህ ደግሞ ምን ሆነ? ሂድ ግባና ጋደም በል። እጥበቱ ለነገ ይደር።

እንዳሻው፦ ዝም በይ።

አስካለ፦ ደግሞ ማን መጣ?

እንዳሻው፦ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው።

አስካለ፦ ወፍጮው ነዋ፣ እህል እየፈጨ።

እንዳሻው፦ ወፍጮ ማርሽ አይቀይርም። አሁን ዘጋው።

አስካለ፦ ምኑን?

እንዳሻው፦ ቧንቧውን።

አስካለ፦ ቧንቧ ሲዘጋ ከዚህ ይሰማል?

እንዳሻው፦ አይሰማም። የደስታን አጥር አለፈ። ራበው።

አስካለ፦ እንዳሻው፣ ግባ፣ ነፋስ መጣ።

እንዳሻው፦ ባሕር ዛፉ ጋ ሳለ። አንዴ። ሁለቴ።

አስካለ፦ በላይኛው መንገድ ብሎ በልጆቹ ስም ምሎልኝ ነበር…

እንዳሻው፦ ሞተ። በራችን ላይ ነው፣ አይደል? ክንድ ያህል አልፏል። ገና አልለመደም።

አስካለ፦ የመንገደኛ ሞተር ነው። መንገደኛ ነው እንዳሻው፣ ነዳጅ አልቆበት ነው።

እንዳሻው፦ መንገደኛ ቧንቧውን ወፍጮ ቤቱ ጋ አይዘጋም። ይህን የሚያደርግ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ነበር፤ ካለፈው ሰኞ ወዲህ ሁለት ነን።

አስካለ፦ ማን… ማን አሳየው?

እንዳሻው፦ አንቺ ለቅሶ ስትሄጂ አጥር አጥሩን ይዤ ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ጠብቄ «መምህር፣ እንዳሻው ነኝ» አልኩት። እኔም ስሜን መናገር ለመድኩ። ማታ ማታ ያንጠባጥብብሃል አይደል ብለው ደነገጠ። እንዴት እንደሚጠፋ ነገርኩት። ሐሙስ አሥር ሰዓት አምጣው፣ እኔ ነኝ የማጥበው አልኩት። ዕውር ቢሸፍት እስከ ጓሮ ነው፤ እኔ ወፍጮ ቤት ደርሻለሁ። ለድመቷ ንገሪያት።

አስካለ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?

እንዳሻው፦ ከላምባው። ሞተር ላምባ አይጠጣም አስካለ። ሞተር ሞተር እንዲሸት ቤንዚን ነበር የሚቀባው፣ ልታታልዪኝ ከፈለግሽ።

አስካለ፦ ቤንዚን ከየት አባቴ ላምጣ? የሸጥኩት ለሐዋሳው ሐኪም ክፍያ ነው እኮ! ላንተ ዓይን ነው!

እንዳሻው፦ አውቃለሁ። ሐዋሳ የሄድኩት በሞተሬ ነው፤ አልተቀመጥኩበትም እንጂ።

አስካለ፦ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?

እንዳሻው፦ ስትለፊ አይቼ… ሰምቼ። ማለዳ ማለዳ ለባዶ ቤት ቁልፍ ስታዞሪ። ዝም ብል ይቀልሻል ብዬ ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል አይደል የሚባለው? የኛ እያደር ከበደ። ትናንት በርሜሉን በጨርቅ ስትወለውዪ ስሰማሽ ሆዴ አልቻለም። ለበርሜል እንኳ ዘፈን ታንጎራጉሪለታለሽ።

አስካለ፦ ጥር ላይ… ሐኪሞቹ ሲመጡ…

እንዳሻው፦ ጥር ላይ የሚገፈፍ ነገር የለም። ሐኪሙ በሩ ላይ ይዞሽ በሹክሹክታ ሲነግርሽ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም።

አስካለ፦ ሁሉንም ሰማህ?

እንዳሻው፦ ሁሉንም። አሁን ሰውየው በር ላይ ቆሟል፣ ነውር ነው። ባልዲውን ሙዪልኝ።

አስካለ፦ እንዳሻው…

እንዳሻው፦ ደርቤ፣ መምህሩ ሰማያዊውን አስፍቆ ሌላ ቀለም ቀባው ይለኛል። ቀይ ነው አለ፣ ደርቤ ደግሞ ውሸታም ነው። እስቲ ወጣ በይና እዪልኝ።